የሰንበት ምሳና የደጅ ድርሻ

ምሳ የምንለው ቃል ከግእዙ «ምሳሕ» የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የቀን ማዕድ፥ የግብዣ ማዕድ ማለት ነው። ስለዚህ ምሳ በቃሉ ሥር ረኃብ ማስታገሻ ብቻ ሳይሆን፥ ሰው ከሰው ጋራ የሚቀመጥበት፥ ጠሪና ተጠሪ ያለበት ነገር ነው። ማዕድ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው። የቤታችንን ገበታ ማዕድ እንላለን፤ የጌታችንን ቅዱስ ሥጋና ክቡር ደም የምንቀበልበትንም ማዕድ እንላለን። አንዱ ስም ለሁለቱ መዋሉ በከንቱ አይደለም፤ ከቤተ መቅደስ ማዕድ ተሳትፎ የወጣ ሰው ወደ ቤቱ ማዕድ ሲቀርብ የተቀበለውን ጸጋ በሥራ ይገልጥ ዘንድ ነው እንጂ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ግን የማዕድን ነገር በጠቅላላው አይደለም። በከተሞቻችን እየተለመደ ስለ መጣ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው የቅዳሜን ወይም የእሑድን ምሳ በሰፈር ምግብ ቤት መብላታቸው ነው። ከባሕር ዳር በመራዊና በወተት ዐባይ በኩል ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ዱርቤቴን ለምሳሌ እንውሰድ። የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋንም በቆሎና ዳጉሳ ጤፍም የሚያበቅል ገበሬ ከብቦአታል። እንደ እርስዋ ባሉ ከተሞች እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት በረንዳ የሚቀመጡ ቤተ ሰቦች ይታያሉ። አባት ጥብስ ያዛል፤ እናት በየዓይነቱ ትመርጣለች፤ ልጆች ለስላሳ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም ቡና ይፈላል። ይህን የሚያዩ ካህናትና ሽማግሌዎች ነገሩ ደግ ነውን ወይስ አይደለም ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ስለ ሆነ በሥርዓት እንመርምረው።

አስቀድሞ አገሩ እንዴት እንደ ነበረ እናስታውስ። በአባቶቻችን ዘመን በገጠሩ እንጀራን በገንዘብ መሸጥ የተለመደ አልነበረም። መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ይላል፤ ባለቤቱም ማን እንደ ሆነ ሳይመረምር ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ያለውን ያቀርብለታል። በአዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሆቴላቸውን ባቆሙ ጊዜ፥ መኳንንቱ በገንዘብ መብላትን እንደ ነውር ቈጥረው እንደ ነበረ፥ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው በዚያ በልተው ሒሳብ በመክፈል እንዳለማመዱአቸው ይተረካል። ያ ሐፍረት ትዕቢት ብቻ አይመስለንም። እንጀራ ዋጋ ሲወጣለት ዋጋ የሌለው ሰው ወዴት ይቆማል የሚል ሥጋትም ነበረበት ብለን እናስባለን። ይህ ሥጋት ከንቱ እንዳልነበረ ከዚህ በታች እናያለን።

እንግዲህ ከቤት ውጭ መብላት በራሱ ኃጢአት ነውን? አይደለም። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በምድር በተመላለሰ ጊዜ የራሱ የሆነ ገበታ አልነበረውም። በቃና በሰው ሰርግ፥ በኢያሪኮ በዘኬዎስ ቤት፥ በቢታንያ በእነማርታ ቤት ተቀመጠ። ምሥጢረ ቍርባንን የመሠረተበት ሰገነት እንኳ ከባለቤቱ የተጠየቀ የእንግዳ ክፍል እንደ ነበረ ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 14 ጽፎልናል። በኤማሁስም፥ ሉቃስ በምዕራፍ 24 እንደሚነግረን፥ እንግዳ ሆኖ ገባ፤ እንጀራውን ባርኮ ቈርሶ በሰጣቸው ጊዜ ግን ጋባዥ እርሱ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ጣራ ማዕድን እንደማያከብረው፥ እንደማያረክሰውም ነው። ማዕድን ማዕድ የሚያደርገው በላዩ የሚፈጸመው ነገር ነው፤ ይኸውም መባረኩ፥ መጠባበቁ፥ ማካፈሉ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጻቸው አንዱ ሲሰክር ሌላው ስለ ተራበ፥ እርስ በርሳቸውም ስላልተጠባበቁ ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ልማድ ውስጥ መልካም ነገርም አለ። በቀድሞው ቤታችን አባወራው ከእንግዳው ጋራ ይቀርባል፤ እናት ወጥ ስትጨምር ትቆማለች፤ ልጆች እጅ ሲያስታጥቡ፥ ማታም ኩራዝ ሲይዙ ቆይተው የተረፈውን ይበላሉ። ሥርዓቱ መታዘዝን አስተምሮአል፤ እኛም በእርሱ አድገናል። ነገር ግን በመዝሙረ ዳዊት 127 ልጆች በማዕድ ዙሪያ እንደ ወይራ ተክል እንደሚሆኑ የተነገረው፥ በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጠው ነው እንጂ ከግድግዳ ሥር ቆመው አይደለም። በምግብ ቤቱ አባትና እናት ልጆችም በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አባት ለልጁ ያጐርሳል፤ ልጅም ለእናቱ ያጐርሳል። እናትም ሳምንቱን በጭስ ውስጥ ከቆየች በኋላ በሰንበት ታርፋለች። ሰንበት ለወንዱ ብቻ የተሰጠች ዕረፍት አይደለችምና ይህ ሊነቀፍ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ከቤታችን ወደ ምግብ ቤት ስንሄድ ሁሉን ይዘን አንሄድም። ወደ ኋላ የምንተወው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ደጃችን ነው።

የኢትዮጵያዊ ቤት ማዕድ ደጅ ያለው ማዕድ ነበረ። በምሳ ሰዓት ደበሎ የለበሰ፥ አኮፋዳ ያነገተ ልጅ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይጠራል። ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። የቤቲቱ እመቤት ከገበታው ቈርሳ ታወጣለች፤ ወይም ልጅዋን ትልካለች። ይህ የደጅ ድርሻ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የቆመበት መሠረት ነው። ጎጃም የጎንጅና የዋሸራ፥ የዲማ ጊዮርጊስም አገር ነው። ከጣና ማዶም በጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባ ይገኛሉ። የእነዚህ ጉባኤያት ተማሪዎች ለዘመናት የኖሩት ቀለብ እየተሰፈረላቸው ሳይሆን በገበሬው ደጅ ነው። ተማሪው ከቀለሙ ሲነሣ ቁራሽ ለምኖ ያመጣል፤ ከሚያመጣውም ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል፤ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይቀጽላል። ከፊደል ወደ ንባብ፥ ከንባብ ወደ ዳዊት፥ ከዳዊት ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ፥ ከቅኔም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ በሚያደርሰው ረጅም መንገድ ስንቁ ይኸው ነው። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ ቃል ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» የዚህን ኑሮ ጣዕምና መራራ ለሚሻ ሰው ደግ ምስክር ነው። ይህን የምንጽፍ እኛም፥ ከምታነቡትም ካህናት ብዙዎቻችሁ፥ ስማቸውን በማናውቃቸው እናቶች ቁራሽ ያደግን ነን።

አሁን ግን እሑድ ቀትር ላይ ተማሪው ወደ ሰፈሩ ሲገባ ቤቱን ተዘግቶ ያገኘዋል። የቆርቆሮውን በር መትቶ፥ ጠርቶም መልስ ሲያጣ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ያም ተዘግቶአል። ወደ ምግብ ቤቱ ቢቀርብ ደንበኛ አታስቸግር ተብሎ ከበረንዳው ሥር ይመለሳል። ማንም ክፉ አላሰበበትም። ባለ ቤቶቹ ከልጆቻቸው ጋራ ደስ ሊላቸው ወጥተዋል፤ ባለ ምግብ ቤቱም የተቀመጡትን ሰዎች ማክበሩ ነው። ልጁ ግን ጦሙን ዋለ። ነገሩ የአንድ እሑድ ቢሆን ባላሳሰበን ነበር፤ ልማድ ሲሆን ግን ጉባኤ ይፈታል። የተራበ ተማሪ መምህሩን ተሰናብቶ ይሄዳልና፤ ተማሪ የሌለውም መምህር ወንበሩን ያጥፋል።

ስለዚህ ነገር ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምራሉ? በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እግዚአብሔር እስራኤልን የእርሻቸውን ዳርቻ ጠርገው እንዳያጭዱ፥ ቃርሚያውንም ለድኻውና ለስደተኛው እንዲተዉ አዘዘ። ልብ በሉ፤ ለድኻው የተተወለት ዳርቻ ባለ እርሻው ጠግቦ የጣለው ትራፊ አይደለም። ከመጀመሪያው የእርሱ ሆኖ የተለየ ድርሻ ነው። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ደግሞ የዚህን ሕግ ፍጻሜ እናያለን። ሞዓባዊቱ ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም በምሳ ሰዓት ቦዔዝ ራሱ ወደ አጫጆቹ ማዕድ ጠራት፤ በአጠገባቸውም ተቀምጣ በልታ ጠገበች፥ አተረፈችም። ያ ምሳ በቤት ውስጥ አልነበረም፤ በሜዳ ላይ ነበረ። ደጅ በሌለበት ስፍራ ቦዔዝ በቃሉ ደጅ ከፈተላት። ከዚያች መጻተኛ ዳዊት ተወለደ፤ ከዳዊትም ዘር ጌታችን በሥጋ ተወለደ። በበረንዳችን ሥር አልፎ የሚሄደው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ማን ነው?

በመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 2 የተጻፈውም ለቤተ ሰብ ምሳ የተገባ ምሳሌ ነው። ጦቢት በበዓለ ኀምሳ መልካም ምሳ ተዘጋጅቶለት በተቀመጠ ጊዜ፥ ምግቡ ብዙ እንደ ሆነ አይቶ ከመቅመሱ በፊት ልጁን ጦብያን ከወገኖቹ መካከል ድኻ የሆነውን ፈልጎ እንዲያመጣ ላከው፤ እርሱም ይጠብቅ ነበረ። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ጦቢት ድኻው እስኪመጣ አልተቀመጠም፤ አስፈልጎ ነው። ሁለተኛ፥ የላከው አገልጋዩን ሳይሆን ልጁን ነው፤ ልጁ ምጽዋትን በእግሩ ይማር ዘንድ። ሦስተኛ፥ ይህን ያደረገው ከመብላቱ በፊት ነው፤ ማዕዱ ያለ ድኻው ሙሉ አይደለምና።

አገራችንም ይህን ትምህርት በሥራ ታውቀዋለች። በአቸፈር ገበሬው ደቦ ጠርቶ ሲያሳጭድ ምግቡ ወደ እርሻው ይወጣል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢኖር እንብላ ሳይባል አያልፍም፤ የማያውቁት እንኳ ቢሆን ይጠራል። ይህም ከቤት የወጣ ማዕድ ነው፤ ደጁን ግን ይዞ ወጥቶአል። እንግዲህ ከእርሻ ላይ ማዕድ የምግብ ቤት ማዕድ በምን ያንሳል? ልዩነቱ እንጀራው ስለ ተገዛ ብቻ ነው። የተገዛ እንጀራ ደግሞ ከተጋገረው ይልቅ ለማካፈል የቀለለ ነው እንጂ የከበደ አይደለም።

ሁለተኛም ልናስበው የሚገባን ሰው አለ፤ እርሱም ምግቡን የሚያቀርብልን ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 5 ሰንበትን ሲያዝ አገልጋይና ገረድ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ይናገራል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ ያሳስባቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ሁለቱን ሰንበታት፥ ቀዳሚት ሰንበትንና ሰንበተ ክርስቲያንን፥ ታከብራለች። ይህም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1450፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል በነበሩበት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ነው። አባቶች ስለ ዕረፍት ቀን ይህን ያህል ከደከሙ፥ እኛ ያረፍነው በማን ድካም እንደ ሆነ ልንጠይቅ አይገባንምን? ሚስቱን ከጭስ አሳርፎ የሌላውን ልጅ በጭስ ውስጥ የሚያቆም ሰው ሰንበትን ከአንዲት ወደ ሌላዪቱ አዛወራት እንጂ አላከበራትም። ስለዚህ እሑድ ቅዳሴ ሳያበቃ ወደ ምግብ ቤት የሚሄድ ምእመን ራሱ ከቅዳሴ መቅረቱ ሳይበቃ ምጣድ ጣጅዋንና አሳላፊዋን ከቅዳሴ ያስቀራል። ዘግይቶ የሚሄድ ግን ለእነርሱም ጊዜ ይሰጣል። ለአሳላፊዋ እኅቴ ብሎ መናገር፥ ልጆችም እንዲያመሰግኑአት ማስተማር፥ ሒሳብን ሳያጓትቱ መክፈል፥ ለድካምዋም ጥቂት መጨመር የሰንበት ሥራ ነው። የሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 24 ታዝዞአልና።

አሁን ሥርዓቱን በአጭሩ እንናገር። ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ ቅዳሴውን ይፈጽም። የሰንበቴ ተራ ያለበት ሰው ተራውን ያውጣ። ሰንበቴ አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ አስቀድመው የሰጡት መልስ ነውና፤ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ቀርቦ ማኅበርተኛውና ድኻው ተማሪውም አብረው የሚቀምሱበት ማዕድ ነው። ተራን በገንዘብ ለውጦ ወደ ምግብ ቤት መሄድ ግን የማኅበሩን ማዕድ ማፍረስ ነው። ቅዱስ ቍርባን የተቀበለ ሰውም በዚያ ቀን ከጫጫታና ከስካር ስፍራ ይራቅ፤ ቢሻለው በቤቱ ይዋል።

ከቤት ሳይወጡ በፊት የደጅ ድርሻ ይዘጋጅ። አንድ እንጀራ ከነወጡ በንጹሕ ዕቃ ተደርጎ በቤት ከሚቀር ሰው ወይም ከጎረቤት ዘንድ ቢቀመጥ፥ ተማሪው ሲጠራ የሚመልስለት አያጣም። ይህ ባይመች አምስት ሆኖ የሚበላ ቤተ ሰብ ለስድስት ይዘዝ፤ ስድስተኛውም ድርሻ ሳይነካ በአኮፋዳው ይሰጥ፤ ወይም እንደ ጦብያ ልጁ ይዞት ወደ ጉባኤ ቤቱ ይሂድ። ቀርቦ የቆመ ልጅ ቢኖርም ከበረንዳው ሥር ከማቆም ወንበር መስጠት ይሻላል።

ምግቡ ሲቀርብ አባወራው፥ ካህን ካለም ካህኑ፥ በስመ አብ ብሎ ይባርክ፤ አቡነ ዘበሰማያት ይደገም። ሰው ያየናል ብሎ ማፈር አይገባም። ድምፅን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ ማማተብ ግን ይገባል። በጾም ወራት ቅዳሜና እሑድ፥ ከቀዳም ስዑር በቀር፥ እስከ ሰዓት መጾም ባይኖርም፥ ከሥጋና ከወተት ከቅቤና ከእንቍላል መከልከል ግን አይቀርም። ስለዚህ ወጥተናል ተብሎ ጾም አይፈታም፤ ሽሮው በዘይት ወይስ በቅቤ እንደ ተሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲፈጽሙም ስብሐት ለእግዚአብሔር ብሎ መነሣት ነው።

ምናልባት የሚቃወም ይኖራል። አንዱ፥ የተረፈውን እንሰጣለን፥ አይበቃምን ይል ይሆናል። ትራፊ መስጠት ከመጣል ይሻላል፤ ነገር ግን ምጽዋት ለመባል አይበቃም። እኛ ልንበላው ያልፈለግነውን መስጠት የድኻውን ረኃብ ያስታግሥ ይሆናል፤ የእኛን ንፍገት ግን አይፈውስም። ሁለተኛው፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳንቲም መጽውተናል ይል ይሆናል። መልካም አድርጎአል፤ ነገር ግን ሳንቲሙን የሚቀበለውና ከደጁ የሚጠራው አንድ ሰው አይደለም፤ ልጁም አባቱ ከገበታው ሲቈርስ አላየም። ሦስተኛው፥ ኑሮ ተወድዶአል፥ ለራሳችን የምንበላውን እንኳ ቈጥረን ነው ይላል። ለዚህ የምንመልሰው በየዋህነት ነው። ለስድስት ማዘዝ የማይችል ሰው ከአምስቱ ይቀንስ፤ ወይም በዚያ እሑድ በቤቱ ሽሮ ይብላ። ደጁ ክፍት በሆነ ቤት የሚበላ ሽሮ፥ ደጅ በሌለው በረንዳ ከሚበላ ጥብስ ይበልጣል።

ለካህናትም የምንናገረው አለን። በየአጥቢያችሁ ያሉትን ተማሪዎች ቍጥራቸውን ታውቃላችሁ። የሰንበት ምሳ በየትኛው ሳምንት በማን ቤት፥ በማን ምግብ ቤት እንደሚደርሳቸው ከምእመናን ጋራ ብትመክሩ፥ ባለ ምግብ ቤቶችንም ብታስተባብሩ፥ ከመካከላቸው ስለ ማርያም ስም ቢሉት እንቢ የሚል ብዙ አይገኝም ብለን እናምናለን። ምግብ ቤትን ከመንቀፍ ይልቅ ለምግብ ቤት ደጅ ማበጀት የእረኛ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በሰንበት ከልጆቻችሁ ጋራ ወጥታችሁ ብትበሉ አንከለክላችሁም። ብሉ፥ ጠጡ፥ ደስም ይበላችሁ። ነገር ግን ስትወጡ ቤታችሁን ዘግታችሁ ደጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። እንጀራን ለተራቡ የሚሰጥ አምላክ ማዕዳችሁን ይባርክ፤ ስለ እናቱ ስም የሚጠራውንም ድምፅ ከደጃችን አያጥፋብን። ለዘለዓለሙ፤ አሜን።